ልጅ ያላገኙ ባልና ሚስቶችና አዲሱ ሕክምና፦ ከወላይታ ሶዶ ሲታይ

በአገራችን ሽማግሌ ሙሽሮችን ሲመርቅ ከሁሉ አስቀድሞ ከአፉ የሚወጣው ቃል «ውለዱ፤ ክበዱ» የሚለው ነው። ሀብትና ረጅም ዕድሜ የሚታወሱት ከዚያ በኋላ ነው። ምርቃቱ በአማርኛ ይሁን በወላይትኛ፥ በዳሞታ ተራራ ሥር ባለ የገበሬ ጎጆ ይሁን በአዲስ አበባ የሠርግ አዳራሽ፥ ፍሬ ነገሩ አንድ ነው። ልጅ የሌለበት ጋብቻ በብዙዎች ዘንድ ምሰሶ እንደሌለው ቤት ይቆጠራል።

ይሁን እንጂ ይህ ምርቃት ሳይደርስላቸው የሚኖሩ ባልና ሚስቶች ጥቂቶች አይደሉም። አንድ ዓመት ያልፋል፤ ሁለተኛው ይከተላል። ዘመድ መጀመሪያ በዓይኑ፥ ከዚያም በአፉ መጠየቅ ይጀምራል። በብዙው የአገራችን ክፍል ሴት ልጅ በወለደች ማግስት «የእገሌ እናት» ተብላ መጠራት ትጀምራለች፤ ያልወለደችው ግን ባልንጀሮቿ ሁሉ ስማቸው ሲለወጥ እርስዋ በልጅነት ስሟ ስትጠራ ትኖራለች። በመስከረም ወር የጊፋታ በዓል ደርሶ ቤተ ዘመድ በአንድነት ሲሰባሰብ፥ የሌላው ቤት በልጆች ጫጫታ ሲሞላ የእነዚህ ሰዎች ቤት ዝም ይላል። ይህ ዝምታ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው።

እንግዲህ የዘመኑ የሕክምና ጥበብ ለእነዚህ ሰዎች አንድ አዲስ በር ከፍቷል። ጽንስ በማህፀን ሊጀምር ያልቻለ እንደ ሆነ ከማህፀን ውጭ በላቦራቶሪ ተጀምሮ ወደ እናቱ ማህፀን ሊመለስ ይችላል። ይህ ነገር ከሩቅ አገር የሚሰማ ወሬ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ዛሬ በአገራችንም በመንግሥት ሆስፒታል የሚሰጥ ሕክምና ሆኗል። በዚህም ምክንያት ከዚህ ቀደም የፈላስፎችና የውጭ አገር ጋዜጦች ጥያቄ የነበረው ሁሉ አሁን የእኛ ጥያቄ ሆኖ ቀርቧል። ሕክምናው ለማን ይድረስ? ወሰኑ የት ድረስ ነው? ሕፃኑስ የማን ነው? እነዚህን ነገሮች በወላይታ ሶዶና በአካባቢው ኑሮ ላይ እያመለከትን መመልከቱ ለአንባቢያችን ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

በሽታው የማን ነው?

በመጀመሪያ አንድ የቆየ ስሕተት ማረም ያስፈልጋል። የዓለም የጤና ድርጅት መካንነት ማለት ባልና ሚስት ምንም የወሊድ መከላከያ ሳይወስዱ አሥራ ሁለት ወርና ከዚያ በላይ አብረው ኖረው እርግዝና ያልተገኘ እንደ ሆነ ነው ይላል። ይኸው ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት ጎልማሶች አንዱ በዕድሜው ውስጥ ይህ ችግር እንደሚያጋጥመው አስታውቋል። ችግሩ በሀብታም አገርም በድኻ አገርም የሚገኝበት መጠን ብዙ የማይራራቅ መሆኑን ይኸው ሪፖርት ጨምሮ ገልጿል። ስለዚህ መካንነት የአንድ ነገድ እርግማን ወይም የአንድ ቤተሰብ ኃጢአት ሳይሆን የሰው ልጅ ሁሉ በሽታ ነው።

ሁለተኛውና የሚበልጠው ስሕተት ጥፋቱን ሁሉ በሴቲቱ ላይ መጫን ነው። ሐኪሞች እንደሚያረጋግጡት ችግሩ ከሚገኝባቸው ባልና ሚስቶች መካከል በግማሹ ያህል የወንዱም ድርሻ አለበት። ወይም ብቻውን ምክንያት ሆኖ ይገኛል፤ ወይም ከሴቲቱ ችግር ጋር ተደርቦ ይገኛል። የወንድ ዘር ቁጥሩ ያነሰ፥ እንቅስቃሴው የደከመ ወይም መተላለፊያው የተዘጋ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የወንዱን ዘር በማጉያ መነጽር መመርመር ቀላልና ርካሽ ሆኖ ሳለ፥ ብዙው ባል ሚስቱን ከአንዱ መድኃኒት አዋቂ ወደ ሌላው፥ ከአንዱ ጸሎት ቤት ወደ ሌላው ሲልክ እርሱ ራሱ ሳይመረመር ዓመታት ያልፋሉ። በመጨረሻም ሌላ ሚስት ያገባል። ከሁለተኛይቱም ሳይወልድ ሲቀር ነገሩ ይገለጣል፤ ያን ጊዜ ግን የመጀመሪያይቱ ትዳር ፈርሷል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ሰው ነው።

ሦስተኛው ነገር አብዛኛው መካንነት ሊከላከሉት የሚቻል መሆኑ ነው። በአፍሪቃ አገሮች የሴቶች መካንነት ታላቁ ምክንያት የማህፀን ቱቦ መዘጋት ነው። ቱቦውን የሚዘጋው ደግሞ በአብዛኛው ያልታከመ ተላላፊ በሽታ፥ ይኸውም ጨብጥና ክላሚዲያ የሚባለው፥ እንዲሁም ንጽሕና በጎደለው መንገድ የተደረገ ውርጃ ወይም ከወሊድ በኋላ የሚመጣ መመርቀዝ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ጀርምም ወደ ማህፀን ተዛምቶ ይህንኑ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። በጊዜው ቢታከም ጥቂት ኪኒን የሚያድነው በሽታ፥ ቸል በመባሉ ከአሥር ዓመት በኋላ እጅግ ውድ የሆነ ሕክምና ይጠይቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለው በዚህ ላይ በእውነት ይሠራል።

ጥበቡ እንዴት ተገኘ?

ሐምሌ 18 ቀን 1970 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ኦልድሃም በምትባል ከተማ ሉዊዝ ብራውን የተባለች ሕፃን ተወለደች። እናትዋ የማህፀን ቱቦዋ ተዘግቶ ዘጠኝ ዓመት ያህል ሳትወልድ የቆየች ሴት ነበረች። ሳይንቲስቱ ሮበርት ኤድዋርድስ፥ የማህፀን ሐኪሙ ፓትሪክ ስቴፕቶና ነርስዋ ዣን ፐርዲ ለብዙ ዓመታት ደክመው፥ ብዙ ጊዜም ሙከራቸው ከሽፎ፥ በመጨረሻ ያገኙት ውጤት ይህ ነበር። በዚያን ጊዜ ዓለም በሁለት ተከፍሎ ነበር፤ አንዳንዱ ተአምር ነው ሲል ሌላው በፈጣሪ ሥራ መግባት ነው ብሎ አወገዘ። ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ፥ በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ ኤድዋርድስ የኖቤል ሽልማት አገኙ፤ ሁለቱ ባልደረቦቻቸው ግን በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም። እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ ጥበብ የተወለዱት ሕፃናት በዓለም ላይ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሆነዋል።

የሥራው ሂደት በአጭሩ እንዲህ ነው። ሴቲቱ ከአንድ ሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ መርፌ ትወጋለች፤ በወር አንድ እንቁላል ብቻ የምታበስለው ሰውነትዋ በዚህ መርፌ ኃይል ብዙ እንቁላል ያበስላል። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እየተመራ በቀጭን መርፌ እንቁላሎቹን ያወጣል። ከዚያም በላቦራቶሪ ውስጥ ከባልዋ ዘር ጋር ይገናኛሉ። የተፀነሰው ከሦስት እስከ አምስት ቀን ድረስ የሰውን ገላ ሙቀት በሚጠብቅ መሣሪያ ውስጥ ካደገ በኋላ አንዱ ወይም ሁለቱ ወደ እናቲቱ ማህፀን ይመለሳል። የወንዱ ዘር እጅግ ያነሰ እንደ ሆነ ደግሞ አንዱን ዘር በመርፌ አንሥቶ ወደ እንቁላሉ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ ይህም በ1984 ዓ.ም. በብራስልስ ከተማ የተገኘ ዘዴ ነው። የተረፈው ጽንስ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል።

ሕክምናው የተረጋገጠ ተስፋ እንጂ የተረጋገጠ ልጅ አይሰጥም። ወጣት በሆኑ ሴቶች እንኳ ሳይሳካ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ዕድሜ ከአርባ ካለፈ ደግሞ ዕድሉ እጅግ ይቀንሳል። ይህንን እውነት አስቀድሞ ሳይናገር ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቢኖር ተስፋ የሚሸጥ ነጋዴ እንጂ ሐኪም ሊባል አይገባውም።

ከሶዶ እስከ አዲስ አበባ

በአገራችን የመጀመሪያው የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማእከል በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተከፈተ። በዚህ ሥራ የአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ፥ በተለይም በዚያ በዚሁ ሙያ ያስተማሩት ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ዶክቶር ሰናይት ፍሥሐ ትልቅ እርዳታ አድርገዋል። ከዚያ በፊት ገንዘብ ያለው ሰው ለዚህ ሕክምና ወደ ሕንድ፥ ወደ ታይላንድና ወደ ሌላም አገር ይሄድ ነበር፤ ገንዘብ የሌለው ግን ዕጣ ፈንታውን ተቀብሎ ይቀመጥ ነበር። የመንግሥት ማእከል መከፈቱ ሁለቱን ወገኖች በአንድ በር እንዲገቡ ለማድረግ የተደረገ የመጀመሪያ እርምጃ ስለ ሆነ የሚያስመሰግን ነው።

ይሁን እንጂ አንድ እርምጃ መንገድ ሁሉ አይደለም። ለማስረዳት ያህል ከሶዶ ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ የሚኖሩ ባልና ሚስት እናስብ። ያላቸው ከጓሮ እንሰት፥ ከጥቂት በቆሎና ከአንዲት ላም የማያልፍ ነው። ከሶዶ አዲስ አበባ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሕክምናው ደግሞ አንድ ጊዜ ታይቶ የሚመለሱበት አይደለም፤ ሴቲቱ መርፌውን በምትወስድበት ወራት ሐኪሙ በየጥቂት ቀኑ ሊያያት ይገባል። ስለዚህ የመኪና ኪራይ፥ የማደሪያ፥ የምግብና ከውጭ አገር የሚመጣው መድኃኒት ዋጋ ሲደመር ላሚቱ ተሽጣ አትበቃም። አልሳካ ያለ እንደ ሆነ ደግሞ እንደገና መጀመር አለ። ለእነዚህ ሰዎች የሕክምናው መኖር ብቻውን በሩቅ የሚታይ መብራት ነው፤ ያያል፥ ግን አያሞቅም።

ነገር ግን ሁሉም ነገር ከአዲስ አበባ መጠበቅ የለበትም። ሶዶ የሕክምና ታሪክ የሌላት ከተማ አይደለችም። ሚሲዮኖች ወላይታ ከገቡበት ከ1920ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ሕክምና በዚህ አገር ሥር ሰድዷል። ኦቶና በሚል ስም የታወቀው ሆስፒታል ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ሆኖ ሐኪሞችን ያሠለጥናል፤ የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልም አለ። ከተማይቱም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። ጽንስ በላቦራቶሪ ማስጀመር ውድ መሣሪያና ልዩ ሙያ የሚጠይቅ ነው። የወንድን ዘር መመርመር፥ የሴትን ማህፀን በአልትራሳውንድ ማየት፥ ቱቦው መዘጋቱን በኤክስ ሬይ ማረጋገጥ፥ እንቁላል የሚያበስል ኪኒን ማዘዝ ግን በክልል ሆስፒታል ሊሠራ የሚቻል ነው። ከተቸገሩት ባልና ሚስቶች ብዙዎቹ በዚህ ብቻ ሊረዱ ይችላሉ። የቀሩትም አዲስ አበባ የሚሄዱት ምክንያቱ ታውቆ እንጂ በጨለማ አይሆንም።

«ሕዝቡ በዝቶ ሳለ ይህ ለምን?»

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ ተቃውሞውም ቸል ሊባል አይገባውም። ወላይታ በአገራችን ሕዝብ ከተጨናነቀባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። አባት ለልጆቹ የሚያካፍለው መሬት ከትውልድ ወደ ትውልድ እያነሰ ሄዷል፤ ወጣቱም ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ አገር ይሰደዳል። መንግሥት ለብዙ ዓመታት የቤተሰብ ምጣኔን ሲያስተምር ቆይቷል፤ በዚህም ምክንያት በኢትዮጵያ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው ልጅ በአማካይ በ1992 ዓ.ም. 5.5 የነበረው በ2008 ዓ.ም. ወደ 4.6 ዝቅ ብሏል። ታዲያ በአንድ እጅ ወሊድን እየቀነስን በሌላው እጅ እናብዛ ማለት እርስ በርሱ አይጋጭም ወይ? እናቶች በወሊድ ምክንያት በሚሞቱበት አገር ይህን ያህል ገንዘብ ለጥቂቶች ማውጣትስ ተገቢ ነው ወይ? የሚል ጥያቄ ከብዙ ሰው አፍ ይሰማል።

የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው። የጎረቤት ሰባት ልጅ መውለድ የእኔን ቤት ባዶነት አይሞላውም። ገበያው በእህል ስለ ተሞላ የተራበው ሰው ጠገበ አይባልም። የቤተሰብ ምጣኔ ማለትም በትክክል ሲተረጎም ሰውን ከመውለድ መከልከል ሳይሆን፥ ባልና ሚስት በፈለጉት ጊዜ የፈለጉትን ያህል እንዲወልዱ ማስቻል ነው። አንዱ ስምንተኛ ልጅ አልፈልግም ሲል የሚሰማው መንግሥት፥ ሌላው አንድ ልጅ አጣሁ ሲል ጆሮውን ሊደፍን አይችልም። ከዚህም በላይ መካን ሆኖ መቅረትን የምትፈራ ሴት የወሊድ መከላከያውን ራሱን ትሸሻለች። መካንነትን የሚያክም ጤና ጣቢያ መኖሩን ስታውቅ ግን መከላከያውንም ያለ ፍርሃት ትቀበላለች።

ስለ ገንዘቡ የተነሣው ተቃውሞ ግን እውነት አለው። በእኛ ሚዛን ቅደም ተከተሉ እንዲህ ሊሆን ይገባል፤ አስቀድሞ መካንነትን የሚያመጣውን በሽታ መከላከል፥ ቀጥሎ በየክልሉ ሆስፒታል የሁለቱንም ወገን ምርመራ ማስፋፋት፥ በሦስተኛ ደረጃ የላቦራቶሪውን ሕክምና ለሚያስፈልገው በሚቻለው ዋጋ ማቅረብ። ሦስተኛውን ከአንደኛው አስቀድሞ መሥራት ጣራውን ከመሠረቱ በፊት ማቆም ይሆናል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ነው።

የግብረ ገብ ጥያቄዎች

የባልና የሚስት ዘር በላቦራቶሪ ተገናኝቶ ወደ ሚስቲቱ ማህፀን ሲመለስ ብዙ ሰው ነገሩን እንደ ማናቸውም ሕክምና ይቀበለዋል። በሃይማኖት በኩል ግን አንድ ዓይነት ሐሳብ የለም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1979 ዓ.ም. ባወጣችው ትምህርት ጽንስ ከጋብቻ ሥራ ተለይቶ በላቦራቶሪ መጀመሩን አትቀበልም፤ በሶዶ የካቶሊክ ሐዋርያዊ ቪካሪየት ስላለ ይህ ትምህርት ለአካባቢው ምእመናን ሩቅ ነገር አይደለም። የካይሮው አል አዝሃር ደግሞ በ1972 ዓ.ም. በሰጠው ፈትዋ በባልና በሚስት መካከል ብቻ እስከ ሆነ ድረስ ሕክምናውን ፈቅዷል፤ ሦስተኛ ሰው እንዳይገባበት ግን ከልክሏል። በወላይታ ብዙ ተከታይ ያላቸው የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መሪዎችና የኦርቶዶክስ አባቶችም፥ ምእመናቸው ከሐኪም ቤት ወጥቶ ወደ እነርሱ መምጣቱ ስለማይቀር፥ ነገሩን አውቀውና መርምረው ቢጠብቁት መልካም ነው።

ጥያቄው የሚከብደው ሦስተኛ ሰው የገባ ዕለት ነው። የሌላ ወንድ ዘር ወይም የሌላ ሴት እንቁላል ቢወሰድ ሕፃኑ ወላጁን የማወቅ መብት አለው ወይስ የለውም? እንግሊዝ አገር በ1997 ዓ.ም. ሕጓን ለውጣ፥ ከዚያ ወዲህ በተሰጠ ዘር የተወለደ ልጅ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው የሰጪውን ማንነት እንዲያውቅ ፈቅዳለች። በእኛ አገር ነገሩ ከዚህም ይጠብቃል። በወላይታ ሰው ማላና ዶጋላ ከሚባሉት ሁለት ታላላቅ ክፍሎች የቱ እንደ ሆነ፥ ከዚያም ውስጥ ጎሳው ምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ከገዛ ጎሳው ጋር መጋባትም ነውር ነው። በሰሜኑም የአገራችን ክፍል እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። የዘር ሰጪው ስም ተሰውሮ የቀረ እንደ ሆነ ሽማግሌዎች የሚቆጥሩት ሐረግ ይበጠሳል፤ ወንድምና እኅት ሳይተዋወቁ ሊተጫጩ ይችላሉ። ይህ ተራ ባህል አይደለም፤ ሐኪሞችም የሚቀበሉት የጤና ምክንያት አለው።

ሕጋችንም በዚህ ነገር መፈተኑ አይቀርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እናት ማለት ሕፃኑን የወለደች ሴት ናት የሚል መሠረት ጥሏል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ ይዞ ቀጥሏል። በጋብቻ ውስጥ ለተፀነሰ ወይም ለተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው ተብሎ ይገመታል። በ1952 ዓ.ም. የአንዲት ሴት እንቁላል በሌላይቱ ማህፀን ሊያድግ ይችላል ብሎ ያሰበ ሕግ አውጪ ሊኖር አይችልም ነበር። ስለዚህ አንዲት ሴት ለሌላይቱ አርግዛ ብትወልድላት፥ በዚህ መሠረት እናት የምትሆነው ያረገዘችው ናት፤ የእንቁላሉ ባለቤት ግን ባዕድ ትሆናለች። ይህንን ያላወቀ ቤተሰብ ስምምነቱን በቃል አድርጎ ቢገባበት፥ በውርስ ቀን ወይም በፍቺ ቀን ችሎት ፊት ይገናኛል።

ማህፀን ማከራየት የሚባለው ነገር ሌላም አደጋ አለው። ሕንድ ለብዙ ዓመታት የውጭ አገር ሰዎች የድኻ ሴቶችን ማህፀን የሚከራዩባት አገር ነበረች። በመጨረሻ ግን በ2014 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ ይህን ንግድ ከልክላለች። መሬት ያነሰበትና ሥራ የጠፋበት አካባቢ ለእንዲህ ያለው ደላላ የተመቸ ነው። የወላይታ ልጆች ለጉልበት ሥራ በደላላ እየተወሰዱ ብዙ መከራ ማየታቸው የታወቀ ነው፤ ነገ ደግሞ የእኅቶቻቸው ማህፀን ገበያ እንዳይወጣ ከወዲሁ መጠንቀቅ ይገባል።

የተረፈው ጽንስስ ምን ይሁን? በአሜሪካ የአላባማ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 ዓ.ም. በበረዶ ውስጥ ያለ ጽንስ በሕግ ፊት እንደ ልጅ ይቆጠራል ብሎ በመፍረዱ ሐኪም ቤቶች ለጊዜው ሥራቸውን አቁመው ነበር። ባልና ሚስት ቢፋቱ ወይም አንዱ ቢሞት በበረዶ ያለው ጽንስ የማን እንደሚሆን ሕክምናው ሳይጀመር በጽሑፍ መታወቅ አለበት። ደግሞም ሐኪሙ ውጤት እንዲያምር ብሎ ብዙ ጽንስ በአንድ ጊዜ ቢመልስ መንታና ሦስት ይወለዳል፤ ብዙውን ጊዜም ቀናቸው ሳይደርስ ነው። እንዲህ ያሉ ሕፃናት የሚያስፈልጋቸው ማሞቂያና ኦክሲጅን በየገጠሩ አይገኝም። ብዙ ልጅ በአንድ ጊዜ ማግኘት የምርቃት ፍሬ ቢመስልም ለእናቲቱም ለሕፃናቱም የሞት ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ጥበቡ ከዚህም አልፎ ሄዷል። ጽንሱ ገና በላቦራቶሪ ሳለ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን ማወቅ ይቻላል። መሬት የሚወርስ ወንድ ልጅ በሚፈለግበት አገር ይህ ምን እንደሚያስከትል መገመት አያቅትም። በ2011 ዓ.ም. አንድ የቻይና ሳይንቲስት፥ ሄ ጂያንኩዊ የሚባል፥ የጽንስን የዘር ቅንጣት ለውጦ መንትያ ሕፃናት አስወልጃለሁ ብሎ ዓለምን አስደነገጠ፤ በሚቀጥለውም ዓመት የሦስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። በሌላ በኩል ደግሞ በእንግሊዝ አገር ከእናት የሚወረስ ገዳይ በሽታን ለማስቀረት በሕግ ተፈቅዶ፥ ከሦስት ሰው ቅንጣት ያለባቸው ስምንት ሕፃናት መወለዳቸው በ2017 ዓ.ም. ተገልጿል። አንዱ ሥራ አስቀጣ፤ ሌላው አስመሰገነ። የሁለቱ ልዩነት ያለው በመሣሪያው ላይ አይደለም፤ በዓላማው፥ በፈቃዱና በሕጉ ላይ ነው።

የተወለዱትስ ልጆች?

ከሁሉ በላይ ወላይታን የሚመለከት አንድ ነገር ይቀራል። ጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ ብንመለስ፥ በ2002 ዓ.ም. ገደማ ከኢትዮጵያ በየዓመቱ ወደ አሜሪካ ብቻ ከሁለት ሺህ በላይ ሕፃናት በጉዲፈቻ ይሄዱ ነበር። ከእነዚህም ብዙዎቹ የወጡት ከወላይታና በዙሪያው ካሉት አካባቢዎች ነበር። አንዳንዶቹ ወላጆቻቸው የሞቱባቸው ነበሩ፤ የሌሎቹ ግን ወላጆቻቸው በሕይወት እያሉ በድኽነት ምክንያት የተሰጡ ነበሩ። የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት በጥር ወር 2010 ዓ.ም. ለውጭ አገር ዜጋ በጉዲፈቻ መስጠትን ከለከለ። እንግዲህ ከአንድ አገር ልጆች በአውሮፕላን ሲወጡ፥ በዚያው አገር ልጅ ያጡ ባልና ሚስቶች ላማቸውን ሸጠው ልጅ ፍለጋ ይንከራተቱ ነበር። ሁለቱ ሳይገናኙ መቅረታቸው እጅግ የሚያሳዝን ነገር ነው።

ይህን ስንል ልጅ ያጣ ሰው ሕክምናውን ትቶ ማደጎ ይውሰድ ማለታችን አይደለም። ከአብራኩ ልጅ ማየትን የተመኘ ሰው ምኞቱ ተፈጥሯዊ ነው፤ ማንም «አንተ የሌላውን አሳድግ» ብሎ ሊያዝዘው አይገባም። ደግሞም ወላጅ የሌለው ልጅ የሚፈለገው ስለ ራሱ እንጂ ለመካንነት ማስታገሻ እንዲሆን አይደለም። ነገር ግን ሕክምናው ያልተሳካለት፥ ወይም ገንዘቡ ያልደረሰው፥ ወይም ሃይማኖቱ ያልፈቀደለት ሰው ሌላ መንገድ መኖሩን ማወቅ አለበት። ዕንቅፋቱ ብዙውን ጊዜ «የእኛ ደም አይደለም» የሚል የዘመድ ቃል ነው። ጉዲፈቻን ከጥንት ጀምሮ በክብር የያዙ ሕዝቦች በአገራችን ስላሉ ይህ ልማድ ከእኛ ባሕርይ የራቀ አይደለም።

ስለ ክብርም ከተነሣ አንድ ነገር እናስታውስ። እቴጌ ጣይቱ ብጡል ልጅ ሳይወልዱ ያለፉ ሴት ነበሩ። አዲስ አበባን ስም ሰጥተው የቆረቆሩ፥ በዓድዋ ጦርነት በ1888 ዓ.ም. የዘመቱ፥ ስማቸው ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚጠራ ናቸው። ልጅ አለመውለዳቸው ከታላቅነታቸው አንዳች አላጎደለም። ይህ በቤተ መንግሥት እውነት ከሆነ በጎጆም እውነት ሊሆን ይገባዋል።

እንግዲህ ነገራችንን ስንጠቀልል ጥቂት ማሳሰቢያ እናቀርባለን። የክልሉ የጤና ባለሥልጣኖች የመካንነትን ምርመራ ከእናቶች ጤና አገልግሎት ጋር አያይዘው ቢያስፋፉ፤ ጨብጥና ክላሚዲያን በጊዜው ማከም የነገውን ልጅ ማዳን መሆኑን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ ቢያስተምሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም በዚህ ሙያ የሚሠለጥኑ ሐኪሞችን ቢልክ ሥራው ይቀላል። የሕግ አዋቂዎች ደግሞ ስለ ዘር ሰጪ፥ ስለ ተረፈ ጽንስና ስለ ማህፀን ኪራይ ሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ፥ በወላይትኛም ጭምር፥ ቢያስረዱ ብዙ ጥል አስቀድሞ ይቀራል። የአዲስ አበባው ማእከልም ከሩቅ ለሚመጡ ድኾች የሚሆን ዘዴ ቢፈለግለት የመንግሥት መባሉ ትርጉም ያገኛል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ያለ አዋጅና ያለ በጀት ነገ ጠዋት ሊጀመር የሚችል አንድ ነገር አለ። ይኸውም ባል ከሚስቱ ጋር አብሮ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ሁለቱም በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስማቸው አንድነት የተጠራ ዕለት፥ ሕክምናው ይሳካ አይሳካ ገና ባይታወቅም፥ ትዳሩ ግማሽ ፈውሱን አግኝቷል።